መከራ ከነሰፈሩ

ነገር ሲጓደል አልወድም። ታይፕ ስመታ አንድ ፊደል ከተሳሳትኩ ወረቀቱን ከማሽኑ መንጭቄ አወጣና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «የአውራጃውን ወረቀት የጨረሰችው እሷ ናት» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም ሹፈቱን እንደ ምስጋና ነበር የምወስደው። አሁን የምጽፈው ይኸው ጠንቃቃነቴ ወርቃ በምትባል የገጠር ቀበሌ በምትኖር አንዲት እናት ላይ ስላደረሰው ነገር ነው።

ያደግኩት ዲላ ነው። አባቴ ከሰሜን በዝውውር የመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ግቢ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ጌዴኦዎች ስለነበሩ ቋንቋቸውን የለመድኩት ከልጆቻቸው ጋር አፈር እየፈጨሁ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በጌዴኦኛ የሚያስተምር ሰው ተፈለገና ኢዲዶ ወደምትባል መንደር ተላክሁ። ቡና ሲለቅሙ የዋሉ ጎልማሶችና ጎረምሶች ከሰዓት በኋላ እየመጡ ጭቃ የነካው ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ያነቡ ነበር። ጌዴኦኛን በእኛው ፊደል መጻፍ የተማርኩት እነሱን ሳስተምር ነው። ከዘመቻው ስመለስ ዲላ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ።

ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ሁላችንም «ሐጂ» የምንላቸው ነጋዴ ሱቅ ነበራቸው። ጨው፣ ጨርቅና ላምባ ይሸጣሉ፤ ወደ ገደብ ከተማ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪናም ነበራቸው። በረንዳቸው ላይ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ይሰፉ ነበር። ልብስ መስፋት የጀመሩት ግን በስተርጅና ነው፤ ቀድሞ ወንጌላዊ ነበሩ። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ፤ እሳቸውም ታሰሩ። ሲፈቱ የሚጠጉበት ስላልነበራቸው ሐጂ መኪናውን ገዝተው በረንዳ ላይ አስቀመጧቸው፤ የስፌት መኪናውን ማለቴ ነው። እሳቸው ጌዴኦና ጴንጤ፣ ሐጂ ደግሞ እስላምና የሰው አገር ሰው ናቸው፤ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ይውላሉ እንጂ ተጣልተው አያውቁም።

አንድ ቀን ቀሚሴን ላሳጥር ሄድኩና ሽማግሌው ወገቤን ሳይለኩ፣ «ልጄ፣ ጌዴኦኛ ትጽፊያለሽ ይባላል። እውነት ነው?» አሉኝ።

«እጽፋለሁ ጋሼ።»

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጋዘን አስገቡኝ። ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ አንድ የብስኩት ካርቶን ነበር፤ ውስጡ በደብተር ቅዳጆች የተሞላ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጌዴኦኛ እየመለሱ ነበር። ዐይናቸው እየደከመ፣ እጃቸውም እየተንቀጠቀጠ ስለሄደ የሚጽፍላቸው ሰው ፈልገዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ደግሞ ጴንጤ ልትሆኚልኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። «ጽሕፈት ነው እማዬ፣ ሥራ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር። እኔን የሳበኝ ሃይማኖቱ አልነበረም። ያን ቋንቋ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ የከተማ ሰው እንደሌለ ስለማውቅ ሽማግሌውም ማወቃቸው ደስ አሰኘኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። እኔ ከአማርኛው አነባለሁ፣ እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ይቆዩና በጌዴኦኛ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ታሪክ የሚተረክባቸው ቦታዎች ቶሎ ቶሎ ሄዱልን። መልእክቶቹ ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። መከራ፣ ጭንቅ፣ ሥቃይ፣ ስደት እየተባለ የሚደረደርበት ቦታ ብዙ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እነዚህን ቃላት በቤተ ክርስቲያን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማናቸው በቀላሉ ነው የምንላቸው። ሽማግሌው ግን እያንዳንዱን ቃል ለስፌት እንደሚገዙት ጨርቅ በጣታቸው እያሹ ካልፈተሹ አይቀበሉም። ለሰውነት ሕመም ቃል አላቸው፤ እንሰቱ በበሽታ አልቆ ለሚመጣ ረሃብ ሌላ፣ ለልቅሶ ሌላ፣ ለሸክምም ሌላ። «መከራ» ለሚለው የሸክሙን ቃል እንጠቀም ብዬ ነበር።

«አይሆንም» አሉኝ። «ይሄ ገበያ ድረስ የሚሸከሙት ነው። ገበያ ሲደረስ ይወርዳል። መከራ ማውረጃ ቦታ የለውም። ሴቶች የሚሉት አንድ ቃል ነበር። እናቴ ስትለው ሰምቻለሁ፤ ጠፋብኝ።»

እንግዲህ ሰው መጠየቅ ግድ ሆነ። የሽማግሌው አጠያየቅ የራሳቸው ነው። ቃል በቀጥታ አይጠይቁም። «ቃል የጠየቅሽው ሰው አስተማሪ ፊት የቆመ ይመስለዋል፤ ደንግጦ የማይናገረውን ይናገራል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ቤት ይገባሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ከዚያ ቃሉ በራሱ ጊዜ ከሰውየው አፍ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ግማሽ ቀን ጠብቀን ባዶ እጃችንን የተመለስንበት ጊዜ ብዙ ነው።

እኔ በዚህ ላይ የራሴን ሥርዓት ጨመርኩበት። መሥሪያ ቤት የሚጣሉ አሮጌ የፋይል ማቀፊያዎችን በመዳፍ ልክ እየቆረጥኩ ካርድ ሠራሁ። ከላይ ቃሉ ይጻፋል። ከሥሩ ሰውየው ቃሉን የተናገረበት ዓረፍተ ነገር፣ አንድም ሳይቀነስ። ከዚያ ሰፈሩና የተናጋሪው ስም። የገደብና የዲላ አነጋገር ስለሚለያይ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ዋጋ የለውም ብዬ ድርቅ አልኩ።

«ቃሉ ይበቃናል» አሉኝ ሽማግሌው።

«ከነሰፈሩ ካልተጻፈ ማን ያምነናል ጋሼ?»

ሐጂ ይህን ከበር ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ጨው የያዘ ሰው ቢፈተሽ ጨው ይገኝበታል» አሉ። «ወረቀት የያዘ ሰው ቢፈተሽ ምን እንደሚገኝበት ማን ያውቃል? ወረቀት አታብዢ ልጄ።» ነጋዴ ስለሆኑ ነው ብዬ በልቤ ናቅኳቸው።

ጊዜው ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈሱበት ነበር። የየገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይህን ያህል ልጅ አምጣ ይባላል፤ ካላመጣ እሱው ይጠየቃል። እናቶች ልጆቻቸውን ዘመድ ቤት፣ ቡና ውስጥ፣ እንሰት ውስጥ ይደብቁ ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ እሑድ፣ ከሽማግሌው ጋር ወርቃ ሄድን። ገደብ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። የገባነው ቀድሞ እሳቸው ያገለግሉ በነበረበት ጉባኤ ትዘምር የነበረች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ጣውላዋን አጋድማ በቀርከሃ መፋቂያ እንሰት እየፋቀች አገኘናት። ሥራዋን ሳታቋርጥ ተቀበለችን። ሴት ልጆቿ አግብተው ሄደዋል፣ አንድ ወንድ ልጅ ቀርቷታል። ልጁ አልነበረም። የት ነው ብለን አልጠየቅንም።

ሽማግሌው ስለ ዝናቡ ጀመሩ። ዘንድሮ ሌሊት ሌሊት ነው የሚጥለው አሉ። ሴትየዋ መፋቂያውን አስቀመጠች። ቁልቁል እጆቿን እያየች፣ በጌዴኦኛ፣ እንዲህ አለች፦

«ልጄ ከወንዙ ማዶ አባቱ በተከለው እንሰት ውስጥ እያደረ፣ ዝናቡ ሲመጣ እኔ ጣራ ሥር ሆኜ ደረቄን መተኛት አቃተኝ።» ከዚያ ያ ነገር ምን እንደሚባል በአንዲት ቃል ተናገረች።

ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ሽማግሌው ግን ሲሰሙት ዐይናቸው እንባ ሞላ። ሃያ ወር ሙሉ የፈለጉት የእናታቸው ቃል ነበር። የራስ ያልሆነ ሥቃይ በራስ ላይ ሲጫን፣ ምንም ማድረግ ሳይቻል፣ እያዩ መቆየት፤ ይህን ሁሉ የያዘ ቃል ነው። እኔም ደስታዬ ወሰን አጣ። ይህን በማለቴ አሁን አፍራለሁ፤ ግን ደስ ነው ያለኝ። ካርድ አወጣሁ።

«ቃሉን ብቻ» አሉኝ ሽማግሌው በአማርኛ፣ ዝግ ብለው።

እኔ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ጻፍኩት። ወንዙን፣ አባቱ የተከለውን እንሰት፣ ዝናቡን። ከሥሩ «ወርቃ» ብዬ የእሷን ስም አሰፈርኩ። የእጅ ጽሕፈቴ በዚያ ካርድ ላይ እንዳማረ ሌላ ቦታ አምሮ አያውቅም።

«ይሄ ወረቀት ወዴት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ ሴትየዋ።

«የእግዚአብሔር መጽሐፍ ውስጥ ይገባል» አሏት ሽማግሌው። ራሷን ነቀነቀችና መፋቂያዋን አነሣች።

ሽማግሌው ሳምንቱን እዚያው ከሰው ጋር ሊቆዩ ፈለጉ፤ እኔ ሰኞ ሥራ ስላለብኝ ብቻዬን ተመለስኩ። ይርጋጨፌ ሳንደርስ የቡና ኬላ ነበር። በድብቅ የሚወጣ ቡና ፍለጋ አውቶቡሱን ያስቆሙና ሰዉን ሁሉ ያስወርዳሉ። እኔ ጎን የተቀመጠችው ሴት በነጠላዋ ሥር ቡና ነበራት፤ ተያዘች። ከእሷ ጋር ነሽ ተብዬ የእኔም ቦርሳ ተከፈተ። ቡና የለም፤ አርባ የሚሆኑ ካርዶች አሉ። ጀርባቸው ላይ የመሥሪያ ቤት ማህተም ግማሽ፣ የደብዳቤ ቁጥር ግማሽ ይታያል። ፊታቸው ላይ የሰው ስምና የሰፈር ስም። ፈታሹ ማንበብ ስላልቻለ ለአለቃው ወሰደለት።

አለቃው ለሥራ የመጣ ወጣት ካድሬ ነበር። ገና ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ።

«እትዬ፣ አላወቁኝም? ኢዲዶ ያስተማሩኝ እኮ ነኝ።»

ኋላ ረድፍ ይቀመጥ የነበረ፣ ማንበብ ቶሎ የገባው ልጅ ነበር። ዳንኩ ብዬ አሰብኩ። ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ። የጌዴኦኛ ቃላት እየሰበሰብኩ እንደሆነ፣ ለትምህርት እንደሚሆን ነገርኩት። ደስ አለው። ካርዶቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ፤ ልክ እንዳስተማርኩት ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ስለ ሸክም፣ ስለ ልቅሶ፣ ስለ ሕመም አነበበ። «ጌዴኦኛችን ግን እንዲህ ሲጻፍ ያምራል» አለኝ።

የወርቃው ካርድ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ። ጣቱ ግን እስከ መጨረሻው ሄደ፤ እስከ ሰፈሩ፣ እስከ ስሟ። ካርዱን ከሌሎቹ ሥር አስገባውና ቀጣዩን አነበበ። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«እትዬ፣ ይህን ነገር ሌላ ሰው ቢያገኝብዎ ችግር ነው» አለኝ ሲጨርስ። «እኔ ጋ ይቆይ። እርስዎ ይሂዱ። ለማንም አይናገሩ፤ እኔም አልናገርም።» አውቶቡሱን አስቁሞ ራሱ አሳፈረኝ። መስኮቱ ጋ ቆሞ እጁን አውለበለበልኝ።

መንገዱን ሁሉ ለራሴ ስነግረው የመጣሁት ነገር ይህ ነው፦ አልገባውም። ቢገባውም የአገሩ ልጅ ነው፤ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ እናት አለችው። ዲላ ስገባ ይህን አምኜው ነበር፤ ወይም ያመንኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ የሐጂ መኪና ሱቁ በር ላይ ቆማ ለገደብ ጨው ትጭን ነበር። ሹፌሩ እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ፣ «ለገደብ መልእክት አለሽ?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። መንገዱ ላይ ሰው ነበር፤ ከመሥሪያ ቤታችንም ሁለት ሰዎች ከኋላዬ እየመጡ ነበር። «ለማንም አይናገሩ» ያለኝ ትዝ አለኝ። ታስረው የተፈቱት የሽማግሌው ጥፍር የሌላቸው ጣቶች ትዝ አሉኝ።

«የለኝም» አልኩት።

ማክሰኞ ማታ ላይ መቻል አቃተኝና ለሐጂ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱና «ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ትሄጃለሽ» አሉኝ። ለአለቃዬ ታመምኩ ብዬ ረቡዕ ሄድኩ። ገደብ መናኸሪያው ላይ ሽማግሌውን ከወርቃ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው።

«ሰኞ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወሰዱት» አሉኝ። «ሌላ ቦታ አልፈለጉም። በቀጥታ ወንዙን ተሻግረው አባቱ የተከለው እንሰት ውስጥ ገቡ።»

የሐጂ መኪና ሰኞ ገደብ የደረሰችው ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ከገደብ ወርቃ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም። መልእክቱ ሁልጊዜ ይደርሳል።

መናኸሪያው ላይ ቆመን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ጭቃ ፋቁ። ከዚያ፣ «ካርዱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ቤቷ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ዛሬ አትነግሪያትም። ዛሬ መስማት አትችልም። ስትረጋጋ ግን ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ አልነግርልሽም።»

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ። ልጁ ወደ ማሠልጠኛ መወሰዱ ተሰምቷል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ያን ጣውላ እዚያው ቦታ አጋድማ እየፋቀች ነበር። ሽማግሌው ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። እኔ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ ካርዱን፣ ኬላውን፣ ካድሬውን፣ ሹፌሩን ሳይቀር ነገርኳት። ስጨርስ ጮኸችብኝ ብዬ፣ መታችኝ ብዬ ጠበቅኩ። ያን ፈልጌ ነበር የሄድኩት።

መፋቂያውን አስቀመጠች። መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ።

«ይህቺን የምታህል ወረቀት ናት?»

«አዎ።»

«አንድ ናት?»

«አንድ ናት።»

«አንድ ትንሽ ወረቀት ጽፈሽ መንግሥት ወርቃ ድረስ መጣ» አለችኝ። «እኛ ስንት ጊዜ ጮኸን ማንም መጥቶ አያውቅም። እንግዲያው ያንቺን ጽሑፍ ይሰማሉ ማለት ነው። ጽፈሽ ነው ያስወሰድሽው። ጽፈሽ አስመልሺልኝ።»

ልነግራት ሞከርኩ። ይህ እንደዚያ እንዳልሆነ፣ ወረቀት ለመውሰድ እንጂ ለመመለስ እንደማይሰማ። ሽማግሌውን ዞር ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ።

«እሺ እናቴ» አልኳት። «እጽፋለሁ።»

ጻፍኩም። ለአውራጃው ጻፍኩ፣ ለክፍለ ሀገሩ ጻፍኩ፣ አዲስ አበባ ጻፍኩ። «አንድ ወንድ ልጄ ብቻ ስለሆነና ሌላ ጧሪ ስለሌለኝ» እያልኩ፣ ነጥብ ሳልስት፣ ኅዳጉን ሳልስት፣ በካርቦን ሁለት ቅጂ እያስቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተጣራ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። አንድም መልስ አልመጣም። አንዴ ብቻ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማህተም ተመትቶበት ተመለሰ። እሱን ሳሳያት በጣም ደስ አላት፤ ማህተሙን በጣቷ ደባበሰችው። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በየወሩ፣ አንዳንዴም በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በገበያ ቀን ዲላ ትመጣለች። መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ካለው አግዳሚ ትቀመጣለች። ሰው ፊት ጌዴኦኛ መናገር ስለምታፍር በአማርኛ ነው የምታናግረኝ፤ አማርኛው እንደማይቀናቸው እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች ሴቷን እኔን «አንተ» ትለኛለች።

«ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«የኔን ቃል ጻፍከው?»

«ጽፌዋለሁ።»

ይሄ ውሸት ነበር። ቃሏ በአማርኛ የለም። ማመልከቻው ላይ በእሱ ቦታ «በከፍተኛ ችግር ላይ እገኛለሁ» ነበር የምለው፤ ቢሮዎች የሚያውቁት እሱን ነው። ቅጂዎቹን በላስቲክ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ትይዛቸው ነበር።

የትርጉሙ ሥራ አልቆመም። ለማቆም ፈልጌ ነበር። ያን ቃል ትተን ሌላ እንፈልግ ብዬ ሽማግሌውን ለመንኳቸው። «ከሱ የሚሻል አታገኚም» አሉኝ። «ልጇን ከፍላበት ሳለች የባሰ ቃል ላስገባበት?» ሌላ አልጨመሩም። እኔ ግን ቃሉን መጻፍ አልቻልኩም፤ ጣቴ እምቢ አለ። ስለዚህ በጻፍኩት ገጽ ሁሉ ያ ቃል የሚገባበትን ቦታ ክፍት እተወዋለሁ። ሽማግሌው ኋላ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው በእስክሪብቶ ይሞሉታል። በገጹ መሀል የእሳቸው የተጣመመ ጽሕፈት ሲታየኝ፣ ያ ነገር ሲጓደል የማትወደው ሴት የት ሄደች እላለሁ። ሽማግሌው ሳይጨርሱ ዐረፉ። ካርቶኑን ሐጂ ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ አቆዩት።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ በእግሩ ወደየቤቱ ይጎርፍ ነበር። በእኛ መንገድም ቀን በቀን ያልፋሉ፤ ከስተዋል፣ ሬንጀራቸው ተቀዷል፣ በጣሳ ውኃ ይለምናሉ። የወርቃዋ ሴት ገደብ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ እንደምትውል ሹፌሩ ነገረኝ። በማግሥቱ ሄድኩ።

ዝናብ ሊመጣ ጥቁር ብሎ ነበር። ላስቲኩን ፈትታ ቅጂዎቹን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ለሚያልፈው ወታደር ሁሉ አንዱን ቅጂ ታሳያለች፤ ስሙ አለበት፣ አይታችሁታል? ማለቷ ነው። አብዛኞቹ የደከሙ ስለሆኑ ወረቀቱን ሳያዩ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ስታየኝ አልገረማትም። እንደምመጣ የምታውቅ ይመስል አጠገቧ ያለውን ድንጋይ አሳየችኝ።

«ዐይናቸው ደክሟል» አለችኝ በጌዴኦኛ። «አንቺ አንብቢላቸው።»

ተቀመጥኩ። ሦስት ሆነው የሚሄዱ ወታደሮች መጡና ወረቀት እንደያዝኩ ሲያዩ ቆሙ። አንዱ ለማን የተጻፈ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከላይ ያለውን አነበብኩለት፤ ለሚመለከተው ሁሉ ይላል።

«እኔን የሚመለከተኝ አይመስለኝም» አለ። «ግን አንብቢው፤ ልስማ።» ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የልጁን ስም፣ የተወሰደበትን ወር፣ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ መሆኑን። «በከፍተኛ ችግር ላይ እገኛለሁ» ከሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ። እናትየዋ አፌን አፌን ታየኛለች። ማንበብ አትችልም፤ ቃሏን ግን ትጠብቃለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አለ ያልኳት ቃል ወረቀቱ ላይ የለም።

ስለዚህ ቃሏን በቃሌ አልኩት። ከዚያ ካርድ ወዲህ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱ ወታደሮች አልገባቸውም። ዱላ የያዘው ግን ቀና አለ፤ የእኛው አገር ልጅ ነበር። ወረቀቱን ተወውና እሷን አያት። «ልጅሽን አላየሁትም እናቴ» አላት በጌዴኦኛ። ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ዝናቡ ጀመረ። ወረቀቶቹን ላስቲኩ ውስጥ ልጠቀልላቸው ስል እጄን ያዘችኝ። ቁልቁል፣ ከመንገዱ መታጠፊያ፣ አንድ ሰው ብቻውን እያነከሰ ይመጣል። ከርቀት ማንነቱ አይለይም።

«ሌላ መጣ» አለችኝ። «አንብቢ።»